የጅግጅጋ ሙቅማድ፦ ከግመለኛው ስንቅ እስከ ሙሽራዋ ሔዶ

ወደ ምሥራቅ የሚጓዝ የአዲስ አበባ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሐረር ደርሶ ይመለሳል። ጀጎልን ይዞራል፣ ጅብ ሲቀለብ ያያል፣ ለዘመድ የሚሆን ቡና ሸምቶ ፊቱን ወደ ቤቱ ያዞራል። አንድ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ቢቀጥል ግን ጅግጅጋ ይገባ ነበር። ጅግጅጋ ደግሞ ሌላ አየር፣ ሌላ ገበያ፣ ከሁሉም በላይ ሌላ ማዕድ አላት። በዚህ ሳምንት ላወጋችሁ የፈለግሁት ከዚያ ማዕድ ስለ አንዱ፣ ስለ ሙቅማድ ነው።

ሙቅማድ የሶማሌ ቋንጣ ነው ማለት ይቻላል፤ ግን ከቋንጣ አንድ ምዕራፍ ይቀጥላል። ሥጋው በቀጭኑ ይዘለዘላል፣ ጨው ይነካዋል፣ በፀሐይ ይደርቃል። እስከዚህ ድረስ እናቶቻችን ጣሪያ ሥር በገመድ ላይ ሲሰቅሉት ካየነው አይለይም። ከዚያ በኋላ ግን የደረቀው ሥጋ በጣም ደቅቆ ይከተፋል፣ በቅቤ ይጠበሳል፣ በመጨረሻም በተነጠረ ቅቤ ውስጥ ተቀብሮ ይቀመጣል። ኦድካ እያሉ የሚጠሩትም አሉ። የሚበላው ላሆህ ከሚባለው ስስ እንጀራቸው ጋር ነው። ጠዋት ጠዋት በትኩስ ላሆህ ተጠቅልሎ ከሻይ ጋር ሲቀርብ፣ ፈረንጆቹ ሳንድዊች ከሚሉት ነገር ጋር ዝምድናው ወዲያው ይታያል። ስለ ዝምድናው ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

ከሠላሳ ዓመት በላይ በነርስነት አገልግዬ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጉዞ ወድጃለሁ። የእኅቴ ልጅ ጅግጅጋ ስለምትኖር ሰበብ አላጣሁም። ምግብ ሳይ ግን ሁለት ዓይን አለኝ፤ አንዱ የሴት አያት ዓይን፣ ሌላው የነርስ ዓይን። ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት በሁለቱም ነው።

መንገዱ

ከሐረር ተነስቶ ወደ ጅግጅጋ የሚሄደው መንገድ መጀመሪያ ባቢሌን ያገኛል። ባቢሌ በኦቾሎኒዋና በማዕድን ውኃዋ ትታወቃለች፤ የግመል ገበያዋም ስሙ የወጣ ነው። የገበያ ቀን ከደረሳችሁ የልጅ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ውረዱ። ሻጭና ገዢ እጃቸውን በጨርቅ ሸፍነው፣ ዋጋውን በጣቶቻቸው እየተነካኩ ሲደራደሩ ታያላችሁ። በቃል የሚነገር ዋጋ የለም፤ ጎን የቆመ ሰው የሚሰማው ነገር የለም።

ከባቢሌ አለፍ ሲል ዳካታ ነው። አንዱ ድንጋይ በሌላው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ አሁን ወደቀ አሁን ወደቀ እያሰኘ፣ ስንት ዘመን እንደቆመ እግዜር ይወቀው። ሾፌሮች ብዙ ጊዜ እዚህ ትንሽ ይቆማሉ። ከዚያ የፋፈን ሸለቆ ታልፎ ካራማራ ይመጣል። በእኔ ዕድሜ ያላችሁ አንባብያን ካራማራ ሲባል የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ትዝ እንደሚላችሁ አውቃለሁ። ከየቤታችን የሄዱ ነበሩ፤ ያልተመለሱም ነበሩ። ዛሬ በዚያው ተራራ ላይ መኪናው ሲወርድ ፊት ለፊት የተንጣለለው የጅግጅጋ ሜዳ ይታያል፤ ስንዴና ማሽላ የሚበቅልበት፣ ግመልና በግ የሚሰማራበት ሰፊ ሜዳ።

በአውሮፕላን የምትሄዱ ከሆነ የምታርፉት ገራድ ዊልዋል አውሮፕላን ማረፊያ ነው። ዊልዋል ሶማሌዎች ብዙ ተረት የሚተርቱለት የዚህ አካባቢ ገዢ ነበር። አንዱን ተረት ለልጆቻችሁ እንድትነግሩ ላካፍላችሁ። ዊልዋል በአንድ ወቅት ሕዝቡን ሰብስቦ «እያንዳንዳችሁ በግ እረዱና ሰውን የሚያጣላውን ወይም የሚያዋድደውን ብልት አምጡልኝ» አለ። ሀብታሞቹ ጎድኑንም፣ ታፋውንም፣ ጉበቱንም ይዘው መጡ። አንድ ደሀ ሰው ግን ብልህ ልጁ መክራው የበጉን ጉሮሮ ይዞ ቀረበ። ሰዎች ሳቁበት። ዊልዋል ግን የፈለገው እሱን ነበር። ጉሮሮ ለብቻው ልዋጥ ያለ እንደሆነ ሰው ይጣላል፤ ለሌላውም ያስተረፈ እንደሆነ ሰው ይዋደዳል። ተረቱ በጅግጅጋ ማዕድ ላይ ስትቀመጡ ትርጉሙ ይገባችኋል፤ ብቻውን የሚበላ ሰው ማየት ከባድ ነውና።

ስንቅ ሆኖ የተወለደ ምግብ

ሙቅማድ ለምን ተፈጠረ? አገሩን ያየ ሰው መልሱን ለማግኘት አይቸገርም። ሞቃት ቆላ ነው፤ ሕዝቡ ከውኃ ወደ ውኃ፣ ከሣር ወደ ሣር የሚንቀሳቀስ አርብቶ አደር ነው። ግመል ወይም በሬ ሲታረድ የሚገኘው ሥጋ አንድ ቤተሰብ በጥቂት ቀን የሚጨርሰው አይደለም። ማቀዝቀዣ የለም። ከጎረቤት ጋር የሚከፈለው ተከፍሎ፣ የተረፈው ወይ ይበላሻል ወይ በዘዴ ይቆያል። ዘዴው ፀሐይ፣ ጨው፣ እሳትና ቅቤ ሆነ።

ሌላው ምክንያት ንግድ ነው። ከሐረር ተነስተው ወደ ዘይላና ወደ በርበራ የሚወርዱ የግመል ቅፍለቶች ለብዙ ዘመን በዚህ ሜዳ አልፈዋል። ሞሮኳዊው ተጓዥ ኢብን ባቱታ በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዘይላን ባየ ጊዜ ከተማዋ ትልቅ ገበያ እንደነበራት፣ በየመንገዱ ከሚታረደው ግመልና ከዓሣው የተነሳ ግን ሽታዋ የማይቻል እንደነበር ጽፏል። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1854 ወደ 1855 በሚሸጋገርበት ክረምት ከዘይላ ተነስቶ ሐረር የገባው ይህንኑ አካባቢ አቋርጦ ነው። በእንዲህ ያለ መንገድ የሚሄድ ግመለኛ የሚያስፈልገው ስንቅ ቀላል፣ የማይበላሽ፣ ትንሹ ብዙ የሚያጠግብ መሆን አለበት። ሙቅማድ ሦስቱንም ያሟላል።

አሁን በነርስ ዓይኔ ላስረዳ። ሥጋን የሚያበላሹት በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን ውኃ ይፈልጋሉ። ጨው ውኃውን ከሥጋው ይስባል፤ ፀሐይና ነፋስ የተሳበውን ያደርቁታል፤ በቅቤ መጥበሱ የቀረውን እርጥበት ያወጣል፣ ብዙውን ተሕዋስም ይገድላል። በመጨረሻም የተነጠረው ቅቤ በላዩ ሲረጋ አየርና እርጥበት እንዳይገባ ይከለክላል። እነዚህን አራት ነገሮች ዛሬ የምግብ ሳይንስ ተማሪዎች በመጽሐፍ ይማሯቸዋል። የሶማሌ እናቶች ከእናቶቻቸው ሲማሯቸው ኖረዋል።

«በጆሮ ነው የማውቀው»

ጅግጅጋ ጠዋት ቀድማ ትነቃለች። ከቁርስ ቤቶቹ የላሆህ ሽታ ይወጣል። ላሆህ የእኛን እንጀራ የሚመስል፣ ዓይን ያለው፣ ግን አነስና ሳሳ ያለ፣ ከማሽላ ወይም ከስንዴና ከበቆሎ ዱቄት የሚጋገር ነው። ወንድሙ በየመን አለ፤ ስሙም አንድ ነው። ጠዋት በማርና በቅቤ ይበላል፣ በጉበት ጥብስ ይበላል፣ በሙቅማድ ይበላል። ሻያቸው ሄል፣ ቀረፋ፣ ቅርንፉድና ዝንጅብል ገብቶበት ብዙ ጊዜ በወተት ይፈላል። ሰባያድ የሚሉትን እንደ ጨጨብሳ ቂጣ ያለ ነገር የሚመርጥም አለ፤ እሱም በሙቅማድ ሲጠቀለል ደስ ይላል።

የእኅቴ ልጅ ጎረቤት የሆኑ አንዲት እናት ሙቅማድ ሊሠሩ ነው ሲሉኝ ለማየት ጠየቅኋቸው። ሰፈሩ ሁሉ «አዬዮ» ይላቸዋል፤ አያት ማለት ነው። እኔም እንደ ሰፈሩ አዬዮ አልኋቸው። እርሳቸው ነርስ መሆኔን ሰምተው «ሲስተር» ይሉኛል። አማርኛቸው ጥርት ያለ ነው።

ሥጋው የበሬ ነበር። «የግመል ይሻላል፣ ዋጋው ግን አልተቻለም» አሉኝ። ስብና ጅማቱን እያወጡ፣ እንደ ክንድ ርዝመት ያለው ዝልዝል አድርገው፣ ጨው አሽተው በገመድ ሰቅለውታል። ዝንብ እንዳያርፍበት ስስ ጨርቅ ጋርደውታል። ፀሐይዋ ደኅና ከሆነች ከሦስት እስከ አምስት ቀን ይበቃዋል። በደረስኩበት ቀን ደርቆ፣ ሲታጠፍ የሚሰበር ሆኖ ነበር። አዬዮ ከልጃቸው ጋር ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ሲከትፉት እያንዳንዱ ቁራጭ ከምስር ፍሬ ብዙም አይበልጥም። ትዕግሥት ይጠይቃል። ሰዓታት ይፈጃል። ሴቶቹ ግን እየተጫወቱ ስለሚሠሩት ድካሙ አይታወቅም።

ከዚያ ድስቱ ተጣደ። ቅቤው ቀልጦ ሥጋው ሲገባ የጩኸቱ ነገር! አዬዮ ሳያቋርጡ ያማስላሉ። ሥጋው ወደ ቡና መልክ ሲጠጋ እኔ የሚወጣ መስሎኝ ጠበቅሁ፤ እርሳቸው ግን ዝም ብለው ያዳምጣሉ።

«አዬዮ፣ ልኩን በምን ያውቁታል?» አልኋቸው።

«በጆሮ ነው የማውቀው» አሉኝ። «ሲጮህ ውኃ አለው። ጩኸቱ ሲወርድ ውኃው አልቋል። አሁን ስሚ፣ ሲስተር።»

ድስቱ በእርግጥ ጸጥ ብሏል፤ ትንሽ ትንሽ ብቻ ያሽካል። ያን ጊዜ ሄልና ትንሽ ነጭ ሽንኩርት ጨመሩ፣ ከእሳት አወረዱት። ከቀዘቀዘ በኋላ በደረቅ ዕቃ ገለበጡት፤ ሥጋው ሙሉ በሙሉ እስኪሸፈን ድረስም የቀለጠ ቅቤ ጨመሩበት። «ከላይ ሥጋ ከታየ ሥራው ገና ነው» አሉ። በደንብ የተሠራ ሙቅማድ ለወራት ይቆያል።

ጣዕሙን ለማያውቅ እንዴት ልንገር? ቋንጣ ፍርፍር ውስጥ ያለውን ደረቁን ቁራጭ አስቡ፤ ከዚያ ቅመሙ ቀነስ ብሎ የቅቤው መዓዛ ከፍ ይበል፣ ጥርስ ሥር ሲገባ ይድቀቅ። ላሆሁ ለስላሳ፣ ሥጋው ጥርስ የሚፈልግ፣ ማሩ ደግሞ ጣፋጭ ነው። ጨውና ማር በአንድ ጉርሻ መግጠማቸው መጀመሪያ ያስገርማል፤ ሁለተኛው ጉርሻ ላይ ይለመዳል፤ ሦስተኛው ላይ ይናፈቃል።

ሙሽራ የለበሰው ዕቃ

ሙቅማድ ግን ሆድ ለመሙላት ብቻ አይደለም። በሰሜናዊው የሶማሌ ባህል የሠርግ ክብር አለው። የሙሽራዋ እናት ሔዶ የሚባለውን ዕቃ ታዘጋጃለች። ውስጡ ሙቅማድ ይሞላል፤ ከላዩ ተምር ከቅመም ጋር ተቦክቶ እንደ ክዳን ይለሰናል። ከዚያ ዕቃው እንደ ሙሽራ በጨርቅ ይለብሳል፣ ወገቡ ይታሰራል፣ ጫፉ በማይገኝ ገመድ በብዙ ቋጠሮ ይተበተባል። ዕቃው ሙሽራዋን ይወክላል ይባላል።

ሔዶ የሚከፈተው ከሠርጉ በኋላ ነው፤ ብዙ ጊዜ በሰባተኛው ቀን። የሙሽራው ወገን ወጣቶች ቋጠሮውን በትዕግሥት፣ ሳይቆርጡና ሳይቀድዱ እንዲፈቱ ይጠየቃሉ። አንዱ ይሞክራል፣ ያቅተዋል፣ ይሳቅበታል፣ ይቀጣል። ሴቶቹ ዙሪያውን ተቀምጠው ይቀልዳሉ፣ ይዘፍናሉ። በመጨረሻ ብልሁ ሲፈታው ሁሉም ከሙቅማዱ ይቀምሳል። ትምህርቱ ለማንም ግልጽ ነው፤ ሚስትን በኃይል ሳይሆን በትዕግሥትና በክብር ያዛት ማለት ነው። እናት ይህን ለአማችዋ በቃል ከምትነግረው በገመድ ትነግረዋለች።

በዚያ ቤት የአዬዮ የልጅ ልጅ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነች። ሔዶ ማሰር ትችያለሽ ወይ ብዬ ጠየቅኋት። ሳቀችና «አያቴ እያለች እኔ ምን አስጨነቀኝ?» አለችኝ። አዬዮ አልሳቁም። ቆይተው «እኔም እንደዚህ ነበር የምለው፤ እናቴ ስትሞት ነው የፈራሁት» አሉ። ከዚያ ገመዱን አምጪ አሏት። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሦስት ቋጠሮ አስተማሯት። ሦስተኛውን ራሷ መፍታት አቃታትና ተሳሳቅን።

ባሕር ማዶ ያለው ዘመዱ

አሁን ወደ ሳንድዊቹ ልመለስ። ልጄ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ትኖራለች። ልጠይቃት በሄድኩ ጊዜ የልጅ ልጆቼ አንድ ቀን ምሳ ጋበዙኝ፤ በቀጭኑ የተቆረጠ ሥጋ በወፍራሙ የተከመረበት ዳቦ። ትልቁ ልጅ «አያቴ፣ ይሄ ሩበን ይባላል» አለኝ። በጨው ውኃ የከረመ የበሬ ሥጋ፣ አይብ፣ የኮመጠጠ ጥቅል ጎመንና ስጎ በአጃ ዳቦ መካከል ገብቶ የተጠበሰ ነው። ማን እንደፈጠረው ሁለት ከተሞች ይከራከሩበታል። ኦማሃ የምትባል ከተማ በብላክስቶን ሆቴል በ1920ዎቹ ተፈጠረ ትላለች፤ ኒው ዮርክ ደግሞ የምግብ ቤት ባለቤት ለነበረው ለአርኖልድ ሩበን ትሰጠዋለች።

የሥጋው ነገር ግን ከሁለቱም ከተሞች ይቀድማል። በእነዚያ ዳቦ ቤቶች የሚሸጠው ሌላው ታዋቂ ሥጋ ፓስትራሚ የሚባለው ነው። ስሙ ከቱርኮቹ ፓስቲርማ ጋር የተያያዘ ነው፤ ጨውና ቅመም ተቀብቶ የሚደርቅ ሥጋ ማለት ነው። ከሮማኒያ የተሰደዱ አይሁዶች በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወደ ኒው ዮርክ ይዘውት ገቡ። በአገራቸው ብዙ ጊዜ ከዝይ ሥጋ ይሠሩት የነበረውን በአሜሪካ ርካሽ ሆኖ ባገኙት የበሬ ሥጋ ለወጡት። ድሆች ነበሩ፤ በጋሪና በትንንሽ ሱቆች ሸጡት። ዛሬ ቱሪስት ተሰልፎ ይበላዋል።

ታሪኩን ስሰማ ቋንጣ ትዝ አለኝ፤ ጅግጅጋ ስሄድ ደግሞ ሙቅማድ ሁለቱን አገናኘልኝ። መነሻቸው አንድ ነው፤ ሥጋ እንዳይጠፋ መጠንቀቅ። መንገዳቸውም አንድ ነው፤ ስደትና ንግድ። የሚያስከብራቸውም አንድ ነው፤ ሰው ከአገሩ ሲርቅ አፉ የሚናፍቀው እናቱ ያቆየችለትን ነው። በሚኒሶታ ብዙ ሶማሌዎች ይኖራሉ። እዚያ ያነጋገርኋት አንዲት ሶማሊት እናት በክረምት ፀሐይ ስለማይገኝ ሥጋውን በኦቨን፣ በትንሽ ሙቀት እያደረቀች ሙቅማድ እንደምትሠራ ነገረችኝ።

ለልጄ ከጅግጅጋ ሙቅማድ፣ ከቤቴም ቋንጣ ለመላክ ተመኝቼ ነበር። የአሜሪካ ጉምሩክ ግን ከእኛ አገር የሚሄድ ሥጋ አያስገባም፤ በሻንጣ ከተገኘም ይወረሳል። ስለዚህ ሥጋው አይሻገርም። የሚሻገረው ሙያው ብቻ ነው። ልጄ ከእኔ ቋንጣ መዘልዘል ካልተማረች የልጅ ልጆቼ የሮማኒያን ሥጋ እያወቁ የእኛን አያውቁትም ማለት ነው። እንደ አዬዮ የልጅ ልጅ ሁሉ እኔም በቪዲዮ ስልክ ማስተማር ጀምሬያለሁ። ቢላ አያያዟ ገና ነው፤ ግን ጀምረናል።

ከከተማው ወጣ ሲባል

ከጅግጅጋ ወደ ምሥራቅ ስትወጡ ቶጎ ውጫሌ ትደርሳላችሁ። ድንበር ላይ የተቀመጠች የንግድ ከተማ ናት። ከአወዳይ የተነሳው ጫት በጠዋት በዚህ ያልፋል፤ ከበርበራ ወደብ የመጣ ዕቃ በዚህ ይገባል። በስተሰሜን አውበሬ አለች፤ ስሟን ያገኘችው በዚያ ከተቀበሩት ሼክ ነው። ወደ ደቡብ ምሥራቅ ደግሞ ቀብሪበያህና ሃርትሼክ ናቸው። ሃርትሼክን ዛሬ የሚያያት ትንሽ ከተማ ናት ይላል። በ1980 ዓ.ም. በሐርጌሳ ጦርነት ሲነሳ ግን ሕዝቡ በእግሩ ወደዚህ ጎርፎ በዓለም ትልልቅ ከሚባሉት የስደተኞች መጠለያዎች አንዱ ሆና ነበር። መጠለያው የተዘጋው በ1996 ዓ.ም. ነው። የቀብሪበያህ መጠለያ ዛሬም አለ።

በዚያን ጊዜ ልጅ የነበሩ፣ ዛሬ እናት የሆኑ ሴቶችን ጅግጅጋ ላይ አግኝቻለሁ። አንዷ ሲሸሹ እናቷ የያዘችው አንድ ጀሪካን ውኃና አንድ ዕቃ ሙቅማድ ብቻ እንደነበር አጫወተችኝ። በየምሽቱ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ አንድ ማንኪያ ይደርሰው ነበር። «ዕቃው ሲያልቅ ሃርትሼክ ደረስን» አለችኝ። በነርስነቴ አውቀዋለሁ፤ ደረቅ ሥጋና ቅቤ በትንሽ መጠን ብዙ ጉልበት ይሰጣሉ። ለራበው ልጅ አንድ ማንኪያ ቀላል ነገር አይደለም።

ዛሬ ሙቅማድን የሚያሰጋው ጦርነት ሳይሆን የከብቱ ማለቅ ነው። በዚህ አካባቢ ጉ እና ከረን የሚባሉት ዝናቦች ሲከዱ ግመልም በሬም ይከሳል፣ ይሞታል። እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2022 በብዙው የሶማሌ ክልል ዝናቡ በተከታታይ አምስት ወቅት ሳይዘንብ ቀርቶ አርብቶ አደሩ ብዙ ከብት አጥቷል። ከብት የሌለው ቤት ሙቅማድ አይሠራም፤ ልጆቹም ሲሠራ አያዩም። ሰው ከተማ ሲገባ ደግሞ ማቀዝቀዣ ይገዛል፣ ፍሪጅ ያለው ማድረቅ አያስፈልገኝም ይላል። ሙያ የሚጠፋው እንዲህ ባለ ቀስ በቀስ መተው ነው።

ከነርሷ የተሰጠ ምክር

እየወደድነው እንጠንቀቅ። ለመሥራት ያሰባችሁም፣ ሄዳችሁ የምትቀምሱም እነዚህን ልብ በሉ።

አንደኛ፣ ታሞ የሞተ ወይም ሊሞት ሲል የታረደ ከብት ሥጋ አይደረቅም፣ አይበላም። አባሰንጋን የመሰለ በሽታ በማድረቅ አይጠፋም። የተመረመረ ሥጋ ግዙ።

ሁለተኛ፣ ጨው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው ይመክራል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ማለት ነው። ቋንጣም ሙቅማድም ጨዋቸው ብዙ ነው፤ ቅቤውም አለ። የደም ግፊት፣ የልብ ወይም የኩላሊት ችግር ያለበት አያት በዓል ሲሆን በማንኪያ ይቅመስ እንጂ በሳህን አይብላ። መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ይጠይቅ።

ሦስተኛ፣ ሕፃናት። ጠንካራ ቁራጭ ጉሮሮ ሊዘጋ ስለሚችል ጥርሳቸው ላልሞላ ሕፃናት እንዲሁ አይሰጥ። አድቅቆ በሾርባ ወይም በገንፎ ማለስለስ ይሻላል። ማር ደግሞ አንድ ዓመት ላልሞላው ልጅ ጭራሽ አይሰጥም።

አራተኛ፣ አቀማመጥ። ዕቃው ደረቅና ክዳኑ ጠባቂ ይሁን። በእርጥብ ማንኪያ ወይም በእጅ አይጨለፍ፤ አንድ ጠብታ ውኃ የወራት ሥራ ያበላሻል። ሻጋታ ካያችሁ፣ ቅቤው ከከረነፈ ወይም ሽታው ከተለወጠ ላዩን ጠርጋችሁ አትብሉት፤ ሁሉንም ጣሉት። ማድረቅም በበጋ ነው፤ በሐምሌ ዝናብ የአዲስ አበባ ጣሪያ ሥር የተሰቀለ ሥጋ ሳይደርቅ ይበላሻል።

አምስተኛ፣ የግመል ወተት። ጅግጅጋ ስትሄዱ ይቀርብላችኋል፤ ጥሩ ነው፤ ግን የፈላውን ጠጡ። ጥሬ ወተት ብሩሴሎሲስ የሚባለውን በሽታ ያስተላልፋል፤ ትኩሳቱና የመገጣጠሚያ ሕመሙ ሰውን ለወራት ያሠቃያል። እንግዳ አክባሪዎቹን ላለማስከፋት በሻይ አድርጉልኝ ማለት ይበቃል።

ለመሄድ ላሰባችሁ

ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ቀጥታ መድረስ ይቻላል። በየብስ የምትሄዱ እስከ ድሬዳዋ በባቡር፣ ከዚያ በሐረር በኩል በመኪና ብትሄዱ ለልጆች ደስ ይላል። ጅግጅጋ ከፍታ ስላላት ማታ ማታ ይበርዳል፤ ሹራብ ያዙ። ሴቶች ሻሽና ረዘም ያለ ልብስ ብትለብሱ አክብሮት ነው። በረመዳን ቀን ቀን ቁርስ ቤት ክፍት ማግኘት ያስቸግራል፤ ማታ ግን ከተማው ሁሉ ማዕድ ላይ ነው። ቁርስ ቤት ገብታችሁ «ላሆህ በሙቅማድ» በሉ፤ ካላገኛችሁ ጠይቁ፤ አንድ ሰው የእናቱን ቤት ያሳያችኋል። እዚያ ስትገቡ በባዶ እጅ አትግቡ፤ ስኳርና ሻይ ቅጠል ይዞ መሄድ ያስከብራል።

ከተመለሳችሁ በኋላ አንድ ኪሎ ሥጋ ግዙና ከልጅ ልጆቻችሁ ጋር ዘልዝሉት። ቋንጣም ይሁን ሙቅማድ። ከድስቱ አጠገብ አስቀምጧቸውና ጩኸቱ ሲወርድ እንዲነግሯችሁ አድርጉ። አዬዮ እንዳሉት ልኩ የሚታወቀው በጆሮ ነውና፣ ያን ጆሮ ዛሬ ካላስለመድናቸው ነገ በምን ያውቁታል?